መጥረቢያን በዝገቱ ማንበብ፦ ጥንታዊ ምሳርና የምሳር ቅርስ ለሚሰበስቡ

አሮጌ መጥረቢያ ላይ ሁለት ነገሮች አንዴ ከጠፉ አይመለሱም። አንዱ ላዩን የለበሰው የዕድሜ ሽፋን ነው፤ ሌላው ከየትና በማን እጅ አልፎ እንደመጣ የሚናገረው መረጃ። የተሰበረ ዛቢያ ይተካል፣ የዶለዶመ ስለት ይሳላል። በግራይንደር የተላጠ የነሐስ ምሳር ግን በኪሎ ከሚሸጥ ቁርጥራጭ አይሻልም። ጀማሪዎች ገንዘብ የሚያጡት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው፦ ወይ ሻጩ "አጽድቼልዎታለሁ" ብሎ የተላጠ ዕቃ ያስረክባቸዋል፣ ወይ ራሳቸው በገዙበት ማታ የሽቦ ብሩሽ ያነሳሉ።

ከምን መጀመር እንዳለብዎ

ዘርፉ ሰፊ ነው። በኬንያ ምዕራብ ቱርካና ኮኪሰሌይ በተባለው ቦታ የተገኙት የእጅ መጥረቢያዎች 1.76 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ የኮንሶዎቹም ከዚያ ብዙ ያልራቀ ዕድሜ አላቸው። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከፋብሪካ የወጣ የማገዶ መፍለጫ አለ። ሁሉንም የሚያውቅ ሰው የለም፤ "ያገኘሁትን ሁሉ" ብሎ የሚሰበስብም በየዘርፉ ይታለላል።

ለጀማሪ የሚሻለው የ19ኛውና የ20ኛው ክፍለ ዘመን የሥራ መጥረቢያ ነው። በብዛት ይገኛል፣ ማህተም ስላለው ዕድሜው ይታወቃል፣ ሕግ አያነካካም፣ ቢሳሳቱም ጉዳቱ ትንሽ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ እጅዎን ያሠለጥናል። መቶ ያህል እውነተኛ የተቀጠቀጡ ብረቶችን የዳሰሰ ሰው የሐሰት "ቫይኪንግ" ምሳር ገና ሲያነሳው ይጠረጥራል። ከዚያ ጠበብ ያለ ርዕስ ይምረጡ፦ የአንድ ፋብሪካ ሥራ፣ የአንድ ሙያ መሣሪያ (የበርሜል ሠሪ፣ የመርከብ አናጺ፣ የሠረገላ ጎማ ሠሪ)፣ የአንድ ቅርጽ ዝግመተ ለውጥ፣ ወይም ምሳር ምልክት ሆኖ የታየባቸው ትንንሽ ዕቃዎች። የድንጋይ ዘመን የእጅ መጥረቢያን ግን ለሙዚየም ይተዉት። ሙሉ ዋጋው የተገኘበት የአፈር ንጣፍ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ ከወጣ በኋላ ሳይንሱም ሰብሳቢውም የሚያተርፉት ጥቂት ነው።

ሲሄዱ የሚይዙት

10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ 150 ሚሊሜትር ካሊፐር (ውፍረትና ስፋት መለኪያ)፣ እስከ 5 ኪሎ የሚመዝን ዲጂታል ሚዛን፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ጠንካራ ማግኔት፣ ጠባብ ብርሃን የሚሰጥ የኪስ ባትሪ፣ ሞገዱ 365 ናኖሜትር የሆነ የአልትራቫዮሌት ባትሪ፣ ጥቂት የጥጥ ዘንግና ትንሽ አሴቶን። ይህ ሁሉ አንድ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። አሴቶኑን ግን ሻጩን ሳያስፈቅዱ አይክፈቱ።

የኪስ ባትሪውን ዕቃው ላይ ቀጥታ አያብሩት። ከጎን፣ የዕቃውን ገጽ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አጋድመው ያብሩ። በቀጥታ ብርሃን ልሙጥ የሚመስል ገጽ ላይ የሞረድ ጭረት፣ የተሞላ ስንጥቅ፣ የጠፋ ማህተም ጥላ ጥሎ ይወጣል። አልትራቫዮሌቱ ደግሞ ለጥገና ነው፤ ብዙዎቹ ዘመናዊ ሙጫዎችና ኢፖክሲ በጨለማ ውስጥ ወተታማ ሰማያዊ ሆነው ያበራሉ፣ ብረትና አብዛኛው ድንጋይ ግን ጥቁር ሆነው ይቀራሉ። ማግኔቱ ቀላሉን ጥያቄ ይመልሳል፦ "ነሐስ ነው" የተባለው ከሳበ ውስጡ ብረት ነው። ከመሬት የወጣ በጣም የቆየ ብረት ደካማ ሆኖ ቢስብ ግን አይደንግጡ፤ ውስጡ እስከ መሃሉ ወደ ዝገትነት ሊለወጥ ይችላል። እንዲህ ያለው ሲመዘን ከሚጠበቀው ይቀላል፣ ቢወድቅም እንደ ሸክላ ይሰበራል።

የድንጋይ መጥረቢያ

የተወለወለ የድንጋይ መጥረቢያ የሚሠራው በአሸዋ ድንጋይ ላይ ውኃ እያፈሰሱ በመፈግፈግ ነበር። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጭረቶቹ አጭርና ረጅም፣ አቅጣጫቸውም ትንሽ ትንሽ የሚዛነፍ ነው። በዘመናዊ የአልማዝ ዲስክ የተሠራው ግን እኩል ርቀት የጠበቁ ቀጭን መስመሮች ይተዋል። አስመሳዮች እነዚህን ለመደበቅ በጫማ ቀለም ወይም በሻይ ያጠቁሩታል፤ አሴቶን የነካ ጥጥ ቀለሙን ያወጣል።

የዛቢያ ቀዳዳ ያላቸው የጦር መጥረቢያዎች ላይ ዓይንዎ መጀመሪያ ቀዳዳው ውስጥ ይግባ። ጥንት የሚበሳው ባዶ አጥንት ወይም እንጨት በእርጥብ አሸዋ ላይ በማሽከርከር ነበር፤ ቀዳዳው አንድ ጫፍ ላይ ሰፋ፣ ሌላው ላይ ጠበብ ይላል፣ ከሁለት በኩል ከተበሳ ደግሞ መሃሉ ላይ እንደ ወገብ ይጠብባል። በካሊፐር ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ይለኩት። ሦስቱም ልኬት እስከ አንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ድረስ እኩል ከሆኑ ቀዳዳውን የበሳው ኤሌክትሪክ ነው።

የባልጩት ምሳር ሲያጋጥምዎ የዝገት ሰረዝ ይፈልጉ። ከፍ ባሉት ጠርዞች ላይ ቡናማ ቀጭን ሰረዝ ካለ፣ ማረሻ ሲያልፍበት የተወው ብረት ሊሆን ይችላል፤ ዕቃው ማሳ ውስጥ ለዓመታት እንደነበረ ይናገራል። ፍንጣሪው የወጣበት ጉድጓድ ጫፍ ላይ ቀላ ያለ የመዳብ ንክኪ ካለ ግን ተቃራኒው ነው። ዛሬ ባልጩት የሚፈነቅሉ ሰዎች የመዳብ ጫፍ ያለው መሣሪያ ስለሚጠቀሙ፣ ያ ንክኪ የሠሪው ፊርማ ማለት ነው።

በብዙ አገሮች ገበሬዎች እነዚህን ድንጋዮች መብረቅ ይዟቸው እንደወረደ ያምኑ ነበር፤ ቤት ውስጥ ቢቀመጡ መብረቅ ይከላከላሉ ተብሎ በጣሪያና በግድግዳ ውስጥ ይሸጎጡ ነበር። ስለዚህ አንዳንድ እውነተኛ የድንጋይ ምሳር ላይ ጥላሸት ወይም የኖራ ቅሪት ይገኛል። አጥቦ ማስወገድ ሁለተኛውን ታሪኩን ማጥፋት ነው።

መዳብና ነሐስ

እ.ኤ.አ. 1991 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአልፕስ በረዶ ውስጥ የተገኘው "ኦትዚ" የተባለው ሰው ከነመጥረቢያው ነው የወጣው፦ 9.5 ሴንቲሜትር የሆነ ከሞላ ጎደል ንጹሕ መዳብ፣ 60 ሴንቲሜትር የጥድ ዓይነት እንጨት ዛቢያ፣ ማያያዣው የበርች ዛፍ ሙጫና የቆዳ ጠፍር። ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት 3300 ገደማ ነው። ከዚህ ጠፍጣፋ ቅርጽ ተነስቶ የነሐስ ምሳር በአውሮፓ በየደረጃው ተለወጠ፦ መጀመሪያ ጠፍጣፋ፣ ከዚያ ጎኑ ከንፈር ያወጣ፣ ቀጥሎ ዛቢያው እንዳይንሸራተት መሃሉ ላይ ገደብ ያለው፣ በመጨረሻ ዛቢያው የሚሰካበት ባዶ ሶኬትና የጎን ቀለበት ያለው። ቅደም ተከተሉን ማወቅ ይጠቅማል፤ ሻጩ የሚጠራው ዘመን ከቅርጹ ጋር ካልገጠመ ውይይቱ እዚያው ያልቃል።

እውነተኛ የነሐስ ሽፋን ንጣፍ አለው። ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ቀይ ቡናማ፣ ከዚያ ብረቱ። የተፈጥሮ ጉዳት በደረሰበት ጠርዝ ላይ በአጉሊ መነጽር ሲያዩ ቀዩ ንጣፍ እንደ ጠባብ ሪባን ይታያል። ሐሰተኛው ላይ አረንጓዴው በቀጥታ ቢጫ ብረት ላይ ያረፈ ነው፤ ብዙ ጊዜም በጥጥና በአሴቶን ይለቃል። ሌላው ምልክት ከሽፋኑ ሥር የሚታይ ትኩስ የሞረድ ጭረት ነው። እርግጥ ጥንትም ከቅርጽ ማፍሰሻ የወጣውን የጎን ስፌት በድንጋይ ይሞርዱት ነበር፣ ጭረቱ ግን ሽፋኑን የሚሸከም እንጂ የሚቆርጥ አይደለም።

የኤክስሬይ ፍሎረሰንስ (ብረቱ ከምን ከምን እንደተቀላቀለ የሚለይ) ምርመራ ውጤት ከቀረበልዎ ሁለት ነገር ይመልከቱ። የነሐስ ዘመን ምሳር በአብዛኛው መዳብ ሆኖ 10 በመቶ አካባቢ ቆርቆሮ (ቲን) ይኖረዋል፤ ዚንኩ በርካታ በመቶ ከሆነ በእጅዎ ያለው ናስ ነውና ይተዉት። ሁለተኛው፣ መሣሪያው የሚያነበው ቆዳውን ብቻ ነው። ዝገት መዳቡን ስለሚያጥብ የቆርቆሮው ቁጥር ከውስጡ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ 20 በመቶ ያየ ሰው ወዲያው ሐሰት ነው ማለት የለበትም። እርሳስ ደግሞ ብቻውን አያስኮንንም። በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በብሪታኒ፣ በክምር በክምር ተቀብረው የሚገኙት ባለ ሶኬት ምሳሮች በእርሳስ የበዙ ናቸው። ስለታቸው ተስሎ አያውቅም፤ አንዳንዶቹ የማፍሰሻው ሸክላ እንኳ ከሶኬታቸው አልወጣም። ለእንጨት ሥራ የማይሆኑ፣ ግን ፍጹም እውነተኛ ናቸው። ሸክላውን ጠርገው የሚያወጡት ሰዎች የእውነተኛነቱን ማስረጃ እየጣሉት ነው።

"ሉሪስታን" ተብሎ ከምዕራብ ኢራን ለሚመጣ የነሐስ ምሳር ግን ከሌላው እጥፍ ጥርጣሬ ያስፈልጋል። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ገበያውን ያጥለቀለቀው አብዛኛው ያለ ቁፋሮ መዝገብ የወጣ ነው፤ አስመሳዩም ያን ጊዜ ጀምሮ አብሮ ተሠርቷል።

ብረት፦ የሚታለሉበት ቦታ

ከሁሉም በላይ የሚሸጠው፣ ከሁሉም በላይ የሚጭበረበረው "የቫይኪንግ ምሳር" ነው። ሦስት ዓይነት ነገር በዚህ ስም ይቀርባል፦ እውነተኛው፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ሐሰት፣ እና በቅንነት ስሙ የተሳሳተ የቅርብ ዘመን የገበሬ መሣሪያ። ሦስተኛው ይበዛል። ወደ ታች የተንዠረገገ "ጢም" ያለው ቅርጽ በምሥራቅና በሰሜን አውሮፓ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሲቀጠቀጥ ስለነበር ቅርጹ ብቻውን ዕድሜ አይናገርም።

ታዲያ ምን ይታያል? የብረቱ ሥጋ። በጥንቱ አሠራር ብረት አይቀልጥም ነበር፤ ማዕድኑ በከሰል ግሎ ስፖንጅ የመሰለ ጓል ይወጣና ይቀጠቀጣል። በጓሉ ውስጥ የቀረው ቆሻሻ በመዶሻው ኃይል እንደ ክር ይዘረጋል። ብረቱ መሬት ውስጥ ሲበላ በክሮቹ መካከል ስለሚበላ ላዩ ላይ የእንጨት ሕብር የመሰለ መስመር ይወጣል፤ መስመሩ ከቀዳዳው ጎን ተነስቶ ወደ ስለቱ ይፈስሳል፣ በቀዳዳው ዙሪያም ይጠመዘዛል። ዘመናዊ ብረት በጨውና በአሲድ ሲበላ ግን ክብ ክብ ጉድጓድ እንጂ መስመር አያወጣም፤ የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበት ፊት ይመስላል። ሕብሩ መኖሩ የቫይኪንግ ዘመን ነው ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ክራም ብረት እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ይሠራ ነበር። አለመኖሩ ግን ጥያቄውን ይዘጋዋል።

ቀጥሎ ስፌቱ። ብዙ የድሮ ምሳሮች የሚሠሩት አንድ ጠፍጣፋ ብረት በዘንግ ላይ ተጠቅልሎ ሁለቱ ጫፎች በእሳት ሲጣበቁ፣ በመካከላቸውም ጠንካራ ዐረብ ብረት ለስለት ሲገባ ነው። ዝገቱ ልዩነቱን ያወጣዋል፤ ከስለቱ ጥቂት ሴንቲሜትር ወደ ኋላ የቀለም ወሰን ወይም ሰንጣቃ መስመር ይታያል። የቀዳዳውን ውስጥም በባትሪ ይዩ። የተጠቀለለ ብረት ውስጡ እጥፋትና ወጣ ገባ አለው፤ በድሪል ተበስቶ በሊማ የተስተካከለ ቀዳዳ ማዕዘኖቹ ላይ የክብ ቅሪት ይተዋል።

ከዚያ ውፍረቱ። ሰፊ ስለት ያለው ትልቁ "የዴን" ምሳር፣ የኖርዌዩ አርኪዮሎጂስት ያን ፔተርሰን እ.ኤ.አ. 1919 ባወጣው ምደባ "ኤም" የተባለው፣ ስዕል ላይ እንደሚታየው ከባድ አይደለም። የሉሁ መሃል 2 ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ ሊሆን ይችላል። አስመሳዮች ከገበያ ብረት ስለሚቆርጡት 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ይተዉታል፤ ሲያነሱት ፊቱ ወደ መሬት ይደፋል። በብር የተለበጠ ቢያቀርቡልዎ ደግሞ ደጋግመው ያስቡ። በዴንማርክ ማመን አጠገብ እ.ኤ.አ. 1868 የተገኘው፣ መቃብሩ በእንጨት ቀለበት ቆጠራ ከ970–971 ክረምት የሆነው ባለ ብር ምሳር በዓለም ታዋቂ የሆነው እንዲህ ያለው ብርቅ ስለሆነ ነው።

"የሞት ፍርድ ማስፈጸሚያ፣ የአንገት መቁረጫ" ተብሎ ስለሚሸጠው ሰፊ ምሳርም አንድ ነገር። በአብዛኛው የአናጺ መጥረቢያ ነው። አገላብጠው ይዩት፦ አንዱ ገጽ ዝርግ ሆኖ ሌላው ብቻ ወደ ስለቱ ካዘነበለ፣ ቀዳዳውም የዛቢያ ያዡ ጣት ከግንዱ እንዲርቅ ወደ አንድ ጎን ከዞረ፣ የተሠራው ግንድን አራት ማዕዘን አድርጎ ለመጥረብ ነው። ዘግናኙ ታሪክ ዋጋውን ለማናር የተለጠፈ ነው። የአናጺ መሣሪያ መሆኑ ግን አያሳንሰውም፤ በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች የተሠሩት የዝይ ክንፍ የሚመስሉት በጌጣቸውና በማህተማቸው ከብዙ የጦር ምሳር የበለጠ ሥራ ያረፈባቸው ናቸው።

የፋብሪካ ምሳር

እዚህ ማህተሙ ይናገራል። ኮሊንስ የተባለው ኩባንያ በኮኔቲከት ከ1826 እስከ 1966 ሠርቷል። የስዊድኑ ሁልትስ ብሩክ ከ1697 ጀምሮ አለ። ኬሊ የተባለውን የአሜሪካ የምሳር ፋብሪካ "አሜሪካን ፎርክ ኤንድ ሆ" በ1930 ስለገዛው የገዢው መለያ "ትሩ ቴምፐር" ከ"ኬሊ" ጋር የተመታበት ምሳር ከዚያ ወዲህ ነው። የአሜሪካ የ1890 የታሪፍ ሕግ ወደዚያ የሚገቡ ዕቃዎች የተሠሩበት አገር እንዲጻፍባቸው ስላስገደደ፣ በእንግሊዝኛ የአገር ስም የተመታበት ምሳር ባመዛኙ ከ1891 በኋላ ነው። አለመኖሩ ግን ቀድሞ መሠራቱን አያረጋግጥም፤ ሁሉም ዕቃ ለዚያ ገበያ አልተሠራም።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ይባላል፤ እዚህ ግን አስመሳይ የሚበዛው በቆመ ስም ላይ ነው። ጎኑ ላይ ቁራ የተቀረጸበት "ብላክ ሬቨን" የተባለው የኬሊ ምሳር ስለሚፈለግ፣ ተራ የድሮ ራስ ላይ ሥዕሉን በአሲድ የሚያሳርፉ አሉ። ጎን ብርሃን ያብሩ፦ በፋብሪካ የወጣው ምልክት ከገጹ ጋር አብሮ ያረጀ፣ ዝገትና ጭረት የሚያልፍበት ነው። በቅርቡ በአሲድ የተበላው ግን ወለሉ ሸካራ፣ ጠርዙ የተበጣጠሰ ነው፤ በዙሪያው ያለው የዕድሜ ጭረትም ምልክቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ድንገት ይቆማል።

ጉዳት ሲፈትሹ አራት ቦታ ይዩ። ጀርባው በመዶሻ ተመትቶ እንደ እንጉዳይ ከተከፈተ፣ ቀዳዳውም በዚያው ምክንያት ሊሰፋና ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የቀዳዳውን ማዕዘኖች በአጉሊ መነጽር ይከታተሉ። የስለቱ አንድ ጥግ ብዙ ከተበላ ጠንካራው ብረት አልቆ ሊሆን ይችላል። ስለቱ አጠገብ ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ ጥላ ካለ በግራይንደር ግሏል፣ ጥንካሬውን አጥቷል። የብየዳ እብጠት ካለ ደግሞ ለማሳያ ካልሆነ አይውሰዱት።

ምሳር ምልክት ሲሆን

በጠባብ ቤትና በትንሽ በጀት ለሚሰበስብ ሰው ይህ ዘርፍ ይመቻል። መግቢያው ርካሽ ነው፦ የአሜሪካ የ1916–1945 አሥር ሳንቲም ጀርባው ላይ የሮማ ሹማምንት ምልክት የሆነው ከነምሳሩ የታሰረ የበትር ነዶ አለ፤ 2.5 ግራም፣ 90 በመቶ ብር። የኖርዌይን አርማ የያዙ ሳንቲሞች ላይ የቅዱስ ኦላፍን ምሳር የያዘ አንበሳ ይገኛል። ከፍ ሲል ደግሞ የቴኔዶስ ደሴት ጥንታዊ የብር ሳንቲም ይመጣል፦ ባንድ ገጽ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ የወንድና የሴት ራስ፣ በሌላው ባለ ሁለት ስለት ምሳር። የፈሰሰ ሐሰት ሳንቲም ጠርዙ ላይ የስፌት መስመር ወይም የተሞረደ ቀበቶ፣ ገጹ ላይ ደግሞ የሳሙና ልስላሴ አለው።

የሳክሶኒ ማዕድን ቆፋሪዎች በሰልፍ ይይዙት የነበረው ባለ አጥንት ዛቢያ ምሳር፣ የኮንጎ የሶንግዬ አንጥረኞች ስለቱ ላይ ትንንሽ ፊቶች ቀጥቅጠው ዛቢያውን በመዳብ የሸፈኑት፣ የናይጄሪያ ዮሩባዎች የነጎድጓድ አምላክ የሻንጎ በትር ባለ ሁለት ምሳር ራስ፣ ሁሉም ይሰበሰባሉ፣ ሁሉም ይመሰላሉ። የሶንግዬውን ሲመረምሩ መጋጠሚያዎቹን ይዩ፤ የኤሌክትሪክ ብየዳ ዶቃ ካዩ ይመልሱት። የእንጨት ዛቢያ ደግሞ እጅ የሚይዘው ቦታ ላይ ሊያንጸባርቅና ሊጠቁር፣ ራሱ አጠገብ ግን ሻካራ ሊሆን ይገባል። ከላይ እስከ ታች እኩል የጠቆረ ዛቢያ ጥቁረቱን ያገኘው ከቀለም ቆርቆሮ ነው። በድሮ ሙዚየሞችና ስብስቦች ያለፈ ባለ ላባ፣ ባለ ጸጉር ወይም ባለ ቆዳ ዕቃ ነቀዝ ለመከላከል በአርሰኒክ የተረጨ ሊሆን ስለሚችል በጓንት ይያዙት።

ወረቀቱ

ከጥንት ዕቃ ጋር የሚመጣው ወረቀት ከዕቃው እኩል ይመርመር። ብዙ ሙዚየሞችና ጨረታ ቤቶች መለያ ያደረጉት የዩኔስኮን የ1970 ስምምነት ነው፤ ዕቃው ከዚያ በፊት ከአገሩ እንደወጣ ወይም ከዚያ በኋላ በፈቃድ እንደወጣ የሚያሳይ ነገር ይጠይቁ። "ከአያቴ የወረስኩት" ማስረጃ አይደለም። የድሮ ደረሰኝ፣ ቀን ያለበት ፎቶግራፍ፣ የጨረታ ካታሎግ ገጽ፣ የወጪ ንግድ ፈቃድ ነው ማስረጃ። በእንግሊዝ ከ2003 ጀምሮ ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ የቅድመ ታሪክ ብረታ ብረት ዕቃዎች አብረው ከተገኙ እንደ ውድ ግኝት ይቆጠራሉ፤ ስለዚህ ተመሳሳይ ሽፋን ያላቸው ሦስት የነሐስ ምሳሮች ለየብቻ ሲሸጡ ካዩ፣ የተበተነ ክምር ሊሆን እንደሚችል ይጠርጥሩ። የዝሆን ጥርስ ዛቢያ ድንበር ሲሻገር የሳይቲስ (ለመጥፋት በተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ፈቃድ ይፈልጋል።

ማጽዳትና አለማጽዳት

ከመሬት የወጣ ማንኛውም ዕቃ፦ አያጽዱ። ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ያነሳል፣ ያ ይበቃል። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የብረት መወልወያ አይነካውም።

ነሐስ ላይ የሚፈራው ነጭ አረንጓዴ ዱቄት የሚያፈልቁ ነጠብጣቦች ናቸው። ጤነኛው ሽፋን ጥቁር አረንጓዴና ጠንካራ ነው፤ ይሄኛው ፈካ ያለ፣ በጥርስ እንጨት ሲነኩት የሚረግፍ ነው። ምክንያቱ በውስጡ የቀረ የክሎራይድ ጨው ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ እየፈጠረ ብረቱን መብላቱ ነው። ዕቃውን ከሌሎቹ ይለዩ፤ በሽታው እንደ ጉንፋን አይተላለፍም፣ ያለበት እርጥበት ግን የሌሎቹንም ይቀሰቅሳል። አንጻራዊ እርጥበቱ ከ40 በመቶ በታች በሆነ አየር በማይገባበት ሳጥን ውስጥ ይክተቱትና ለባለሙያ ጠጋኝ ያሳዩ። ከመሬት የወጣ ብረት ላይ የሚያብለጨልጭ ቡናማ የላብ ነጠብጣብ ካዩ ያው ክሎራይድ ነው፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች እንዲወርድ ከብረቱ ክብደት የማያንስ ደረቅ ሲሊካ ጄል ያድርጉለት። ጄሉ ቀለም ሲለውጥ 105–120 ዲግሪ በሆነ ምድጃ ጥቂት ሰዓት ያድርቁትና ይመልሱ። ሰማያዊው ዓይነት ኮባልት ስላለበት ብርቱካናማውን ይምረጡ።

የ20ኛው ክፍለ ዘመን ተራ የሥራ ምሳር በዝገት ተሸፍኖ ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የወረቀት መለያ ወይም የፋብሪካ ቀለም እንዳልቀረበት ያረጋግጡ፤ ካለ እዚያው ያቁሙ። ከሌለ ራሱን ብቻ 5 በመቶ ነጭ ኮምጣጤ ውስጥ ይዘፍዝፉ። በየ6 ሰዓቱ አውጥተው በናይለን ብሩሽ ይፈትጉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከቆየ ኮምጣጤው ዝገቱን ጨርሶ ብረቱን መብላት ይጀምራል፣ ደካማ ማህተምም ይጠፋል። ሲወጣ በ1 ሊትር ውኃ 1 ሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው ይለቅልቁ፣ ወዲያው ያድርቁ፣ ገና ሞቅ እያለ ቀጭን ዘይት ይቀቡ። ለአምስት ደቂቃ "ይድረቅ" ብሎ የተወው ሰው ብርቱካናማ ዝገት ያገኛል። በምድጃ የሚያደርቁ ከሆነ ከ100 ዲግሪ አያሳልፉ፤ የስለቱ ጥንካሬ በሙቀት ይለቃል። በኤሌክትሪክ ዝገት የሚያስለቅቁ ደግሞ በምንም ምክንያት የማይዝግ ብረት ለሌላኛው ዋልታ አይጠቀሙ፤ መርዛማ የክሮሚየም ውሑድ ውኃው ውስጥ ይወጣል።

ዛቢያው የጥንቱ ከሆነ ቢላላም አይቀይሩት። ራሱን ውኃ ውስጥ ነክሮ ማጥበቅ የተለመደ መላ ነው፤ ግን እንጨቱ ሲያብጥ ክሮቹ በብረቱ ላይ ይጨፈለቃሉ፣ ሲደርቅ ከበፊቱ የበለጠ ይላላል። ለማሳያ ብቻ ከሆነ ቀጭን ሽብልቅ ይበቃዋል። የደረቀ ዛቢያ ላይ የተልባ ዘይት በጣም ስስ አድርገው ይቀቡና ከ20 ደቂቃ በኋላ ትርፉን ይጥረጉ። የጠረጉበትን ጨርቅ ጨብጠው ቅርጫት ውስጥ እንዳይጥሉ፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጨበጠ ጨርቅ ራሱን በራሱ ያቃጥላል። ደጅ ዘርግተው ያድርቁት። ትኩስ የነቀዝ ዱቄት የሚረግፍበትን ዛቢያ በፕላስቲክ አሽገው በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ለሁለት ሳምንት ያቀዝቅዙ፤ ካወጡ በኋላ ጤዛ እንዳይዘው 24 ሰዓት ሳይከፍቱ ያቆዩት።

ማስቀመጥ፣ መመዝገብ፣ መላክ

የኦክ እንጨት መሳቢያና ተራ ካርቶን አሲድ ያመነጫሉ፤ ለእርሳስና ለነሐስ ጠላት ናቸው። ሱፍ ደግሞ ድኝ ስላለው ብርን ያጠቁራል። የፖሊኢትሊን ስፖንጅ ቆርጠው ለእያንዳንዱ ጎጆ ይሥሩለት። ግድግዳ ላይ ሲሰቅሉ በሁለት የተሸፈነ ማረፊያ ከራሱ ሥር ይደግፉት፤ በቀዳዳው በኩል በምስማር የተንጠለጠለ ጥንታዊ ራስ ከዓመታት በኋላ ጠርዙ ይሸረፋል።

ቁጥር በብረቱ ላይ በቀጥታ አይጻፍም። መጀመሪያ በአሴቶን የሟሟ ፓራሎይድ ቢ-72 (ጠጋኞች የሚጠቀሙበት ግልጽ አክሪሊክ ሙጫ) ትንሽ ጠብታ፣ ሲደርቅ በቀለም ቁጥሩ፣ ከላይ ሌላ ጠብታ። በአሴቶን ተመልሶ ይለቃል። መዝገቡ ላይ ርዝመት፣ የስለት ስፋት፣ የቀዳዳው ሦስት ልኬቶች፣ ክብደት፣ የገዙበት ቀን፣ ከማን፣ እና ሻጩ የተናገረው በራሱ ቃል ይግባ። ሻጩ ያለውንና እርስዎ ያረጋገጡትን በተለያየ ዓምድ ይጻፉ።

በፖስታ ሲልኩ ስለቱን በተሰነጠቀ የውኃ ቱቦ ይሸፍኑ፣ ራሱ ካርቶኑን እንዳይበሳ በየጎኑ 5 ሴንቲሜትር ስፖንጅ ያድርጉ፣ ዛቢያውና ራሱ ተለያይተው የሚሄዱ ከሆነ ሁለቱ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ያንጠልጥሉ። በአውሮፕላን ሲጓዙ የሦስት ሺህ ዓመት ነሐስም ቢሆን ምሳር ነውና ወደ ተሳፋሪ ክፍል አይገባም፤ ከጭነት ሻንጣው ጋር የወረቀቶቹን ቅጂ ያያይዙ፣ ዋናዎቹን በእጅዎ ይያዙ።